እማሆይ ሲቆሙ የሚነሳው ሞተር

በዚያ ዘመን ሮብ ገበያ ላይ የናፍጣ ወፍጮ የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። ሞተር የሚባል ነገር ሁሉ ድምፁን ሰምቼ ሕመሙን የምናገር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ መነኩሲት አክስቴ፣ «ጣና ውስጥ ላለ ገዳም ስለት አለብኝ፤ አድርሰኝ» ሲሉኝ ዋና አለመቻሌ ትዝም አላለኝ።

ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ገባን፤ በማግስቱ ጠዋት ጀልባ ያዝን። የደብራችን የቅኔ መምህር የኔታም አብረውን ነበሩ። ነጂው ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። እማሆይ ለመነኮሳቱ ግማሽ ጆንያ ገብስ ይዘው፣ ከጀልባዋ ፊት እላዩ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን የውሃው ርጭት ነጠላቸውን አራሰባቸው።

«ልጄ፣ ወደ ኋላ ውሰደኝ» አሉ። ጆንያውን ጎትቼ ሞተሩ አጠገብ አደላደልኩላቸውና ተቀመጡ።

ብዙም ሳንቆይ ሞተሩ ተንተባተበ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ዙሪያችን ውሃ ብቻ ነው። ባሕር ዳርም አይታይ፣ ደሴቱም አይታይ። ነጂው የማስነሻውን ገመድ ደጋግሞ ሳበ። እምቢ።

የኔታ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ የሞተር ሰው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

ተነስቼ የወፍጮዬን ሞተር የማዞርበትን ዓይነት እጀታ ፈለግኩና ነጂውን፣ «ማኒቬላው የት አለ?» አልኩት።

«ማኒቬላ የለውም።»

«ናፍጣውስ በየት ነው የሚገባው?»

«የሚሠራው በቤንዚን ነው» አለና ገመዱን እንደገና ሳበ።

እውቀቴ እዚያ ላይ አለቀ። ማለቁን ግን አልተናገርኩም። ሾፌሮች ሲሉ የሰማሁትን ይዤ፣ «ካንዴላው ነው» አልኩ። ነጂው እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈታልኝ፤ በጋቢዬ ጫፍ ፈትጌ ሰጠሁት፤ መልሶ አሰረው። እምቢ።

እማሆይ ይሄኔ፣ «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» ብለው ብድግ አሉ። ወደ ምሥራቅ ዞረው አባታችን ሆይን ጀመሩ። ነጂው ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሳ! የኔታ አጨበጨቡ። እማሆይም አማትበው ተቀመጡ። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ።

ቆሙ፤ ተነሳ። ተቀመጡ፤ ጠፋ። በሦስተኛው የኔታ ፈረዱ፦ «ከእንግዲህ መቀመጥ የለም። እስክንደርስ ቆመው ይጸልዩ።»

«ጉልበቴስ? ቁጭ ብዬ ብጸልይ እግዜር አይሰማኝም?»

«እግዜርማ ይሰማል። የማይሰማው ሞተሩ ነው።»

ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ተጓዝን። እኔ ካንዴላው ስለተረሳልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ ግን እማሆይ፣ «በቃኝ!» ብለው ጆንያው ላይ ዘፍ አሉ። ሞተሩም ተከተላቸው።

በደንገል ታንኳ እንጨት የጫነ አንድ ሰውዬ እየቀዘፈ ደረሰብን። የጀልባችንን ጠርዝ ይዞ ወደ ውስጥ ተመለከተና፣ «እናቴ፣ ከተቀመጡበት ጆንያ ሥር ያለው ጎማ ምንድን ነው?» አለ።

ነጂው ጎንበስ ብሎ አየ። ከቤንዚን ጀሪካኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀጭን ጎማ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። እማሆይ ሲቀመጡበት ቤንዚኑ ይታፈናል፤ ሲነሱ ያልፋል። ያ ዝምተኛ ሰው ቀና ብሎ፣ «ጆንያውን እዚህ ማን አመጣው?» አለ።

እኔ ውሃ ውሃውን አየሁ።

«የሞተሩ ሰው ነዋ!» አሉ የኔታ።

እማሆይ ሁለታችንንም ገላመጡን። «እኔ ስቀመጥ እንደሚጠፋ አይታችኋል። የተቀመጥኩበትን ማየት እንዴት አቃታችሁ?»

«ጸሎትዎ ነው ያስነሳው ብለን ነዋ፣ እማሆይ» አልኩ።

«ጸሎቴማ ይኸው፣ ሰውዬውን አመጣ» አሉ።

ባለታንኳው እየሳቀ መቅዘፊያውን አነሳ። ጆንያውን ወደ ፊት መለስኩት፤ ሞተሩም እስከ ደሴቱ አንዴ እንኳ አላስነጠሰም። ገብሱም ለመነኮሳቱ ደረሰ፤ ስለቱም ተፈጸመ።

ስንመለስ ነጂው ገመዱን ከመሳቡ በፊት እማሆይ እስኪቀመጡ ጠበቀ። ከዚያ በእጁ ይቅርታ እየጠየቀ ጎንበስ ብሎ ከሥራቸው ተመለከተ። እማሆይም፣ «እይ፣ ልጄ፣ እይ» እያሉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉለት።