በብሪቱ ስም የቆምኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማችን በር ላይ አንዲት ልጅ እሸት ሽንብራ በእስር በእስሩ አድርጋ ስትሸጥ አየኋትና፣ ጥርሴ እንደማይችለው እያወቅኩ አንዱን እስር ገዝቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ። የበላሁት ሁለት ሦስት ፍሬ ቢሆን ነው። እኔን የያዘኝ ቅጠሉ ነው፤ ጣት ላይ ያንን ኮምጠጥ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር የሚተወው ቅጠሉ። ጣቴን እንደ ሕፃን ስልስ የልጄ የሳሚ ሚስት ደርሳ "ውይ እማዬ፣ ሳይታጠብ!" ብላ ጮኸችብኝ። ትጩህ፣ ምን ቸገረኝ። በማግስቱ እሁድ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ያንን እያሰብኩ ነበር የምልሰው።

የምኖርበት ቤት ከተወለድኩበት ጎጆ ብዙም አይርቅም፤ ርቀቱ ወደ ላይ ነው። ከእግሬ ስር የሰው ሳሎን አለ፣ ከሱ ስር ሌላ የሰው ሳሎን፣ ከሁሉም ስር ደግሞ አባቴ ሽንብራ ይዘራበት የነበረው ማሳ። ዛሬ የካ አባዶ ሲሉ ሰው የሚያስበው ሕንፃና የታክሲ ሰልፍ ነው። ያኔ አባቴ "ከተማ ልሂድ" ሲል ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ እናቴ ስንቅ ቋጥራለት ነበር የሚወጣው። አሁን ከተማው ራሱ መጥቶ ደጃችን ላይ ተገትሯል፣ ያውም ሳይጠራ።

አፈራችን ጥቁር ነው። በክረምት ጫማ ይውጣል፤ ክረምቱ አልፎ ሽንብራው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የልጅ ክንድ እስከ ብብት የሚያስገባ ስንጥቅ። እኛ ልጆች ጠጠር እየጣልን እናዳምጥ ነበር። ጠጠሩ ሲያርፍ የማይሰማበት ስንጥቅ ካለ "የነሱ ነው" እንልና ዘለን እናልፋለን፤ እነሱ ማለት ከኛ በፊት የነበሩት፣ የሞቱት ናቸው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ስንጥቅ አጠገብ የልጅ ስም ጮክ ብለው አይጠሩም፤ "አንቺ"፣ "ስሚ"፣ "ነይ ወዲህ" ብቻ። ለምን ብለን ስንጠይቅ "ዝም በሉ" ነበር መልሱ።

ታህሳስ ላይ፣ የሰርግ ወር ሳይገባ፣ ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡምና፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ይሄ የትም ያለ ነገር ነው። የኛ መንደር ግን የሚቆጥረው በልጆች ነበር። ቆጣሪያችን አባባ ደቻሳ ይባላሉ። ምርኩዛቸው ጠፋ ብለው ቤቱን ሁሉ ያተራምሱና ምርኩዙ እጃቸው ላይ ይገኛል፤ የሞተ ሰው ግን አይጠፋባቸውም። ግማሹ ኦሮሞ ግማሹ አማራ የሆነውን መንደር፣ ጉርሜሳን ከወልደ ሚካኤል፣ ጫልቱን ከአመተ ማርያም ጋር እያጣመሩ ሳይደነቃቀፉ ይወርዱታል። ሌላው ቆጣሪ አባት አባቱን ይዞ ሲሮጥ እሳቸው እናቶችንም አይዘሉም፣ አንድ በአንድ ያቆማሉ።

ያቆማሉ ያልኩት የእውነቴን ነው። ማሳው ዳር ሙሽራዋን በአንደኛው ጫፍ፣ ሙሽራውን በሌላኛው ጫፍ ያደርጓቸዋል። በሕይወት ያለ ወላጅ ራሱ ይቆማል፤ ለሞተው ግን አንድ ልጅ ይመርጡና፣ እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው የሟቹን ስም ይሰጡታል። ሁለቱ ሰልፎች እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ሳይገናኙ ሰባት ቤት ከሞሉ እልል ነው፤ ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ ከወደቁ ሰርግ የለም። አባባ ደቻሳን ለምን በልጅ ይቆጥራሉ ቢሏቸው፣ በአፍ ብቻ ሲቆጠር ሰው ይዘለላል፣ የቆመ ልጅ ግን ዓይን ዓይንህን እያየህ እንዴት ትዘለዋለህ ይሉ ነበር።

ስም የተሰጠው ልጅ አይስቅም፣ አይበላም፣ በገዛ ስሙ ቢጠሩት አይመልስም። ቆጠራው ሲያበቃ ሙሽራዋ ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣና ለእያንዳንዱ እየቆረሰች በገዛ ስሙ ትጠራዋለች፤ "ከበደ፣ ተመለስ"፣ "አበበች፣ ተመለሺ"። ዳቦውን ሲጎርስ ተመለሰ ማለት ነው። መጥራት የሙሽራ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ቢጠራ አይሠራም። እኔ መቼም ሐሳቤ ዳቦው ላይ ነበር፤ ተገፋፍተን አባባ ደቻሳ እጅ ስር የምንገባው ለሱ ነው። አንዴ የአንዲት አሮጊት እናት ሆኜ ቆሜ፣ አሮጊቷ ከሰው መሀል ወጥተው እግሬ ላይ ተደፉና "እማዬ፣ አልቀበርኩሽም እኮ፣ አራስ ነበርኩ" ብለው አለቀሱብኝ። ንፍጤ የሚዝረከረክ ልጅ ነበርኩ፤ ምን ልበላቸው? አናታቸውን ዳበስኩላቸው። እጄ ራሱ ነው የሄደው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

አስካለ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከእርሻ ገበያ፣ ከገበያ እርሻ ስትል እኔን ጀርባዋ ላይ ያሳደገችኝ እሷ ነበረች። የሺ የምትባለዋን አጭር ስሜን መጨረሻዋን ሳብ አድርጋ፣ ቆጣ እንደማለት ብላ ትጠራት ነበር፤ "የሺ..." ስትል ብጠፋም ካለሁበት እመጣለሁ። ወንዝ ማዶ ያለውን ታደሰን እንደወደደችው ከማንም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ ልትቀዳ ነጠላ መቀየር ስትጀምር ገብቶኛል። ሽማግሌ ተላከ፣ አባቴ ፈቀደ፣ ጌሾው ተወቀጠ። የቀረው ቆጠራው ነበር፣ እሱም እንዲያው ለወጉ ያህል። ከወንዝ ማዶ ሰው ጋር ዝምድና እንደሌለን ሁሉም ያምናል።

የኛ ሰልፍ ወደ መጨረሻው ሲደርስ አባባ ደቻሳ እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑና "አንቺ ብሪቱ ነሽ" አሉኝ። ብሪቱ የአስካለም የእኔም ምንጅላት፣ ከዚያም በላይ ነገር ናት። የቆምኩት ስንጥቅ ላይ ነበር፤ አንዱ እግሬ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። በጠራራ ፀሐይ ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ ይሰማኛል። ከዚያ አባባ ደቻሳ የታደሰን ወገን ይዘው መጡ፤ አንድ ልጅ ያቆማሉ፣ ደግሞ አንድ ልጅ ያቆማሉ። አዲስ ልጅ ይመርጣሉ ስንል በምርኩዛቸው እየተደገፉ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ያ አመጣጣቸው ዛሬም በሕልሜ ይመጣብኛል። እጃቸው ሲያርፍብኝ ከበፊቱ ከብዶ ነበር። "ብሪቱ ሁለት ባል አግብታለች፣ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ማዶ" አሉ፣ ድምፃቸው አልቆ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

አስካለ አልጮኸችም። ታደሰ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ከወንድሞቹ ጋር ወደ ወንዙ ሲወርድ እስኪጠፋ አየችው። አባቴ "ልጄ፣ የሰው ልጆች ቆመዋል" ብሎ ለመናት። ዳቦውን አንስታ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ልጆቹን ተራ በተራ ጠራቻቸው፤ አንዱንም አልረሳችም። እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ያየችው እኔን ሳይሆን ብሪቱን ነው፣ ያንን ማንም አይነግረኝም። "ምን አደረግኩሽ?" አለችኝ። እኔ ነኝ፣ የሺ ነኝ ልል ፈለግኩ፤ አፌ ተሳሰረ። "እንግዲያው እዚያው ቅሪ!" አለችና የኔን ቁራሽ መልሳ በጨርቁ ጠቅልላ ሄደች።

አባቴ አባባ ደቻሳን ለመነ። "የኔ ሥልጣን አይደለም። ቁጣዋ ይበርድና ነገ ትጠራታለች" አሉት። እናቴ ማታውኑ ዳቦ አጉርሳኝ ደጋግማ ስሜን ጠራችኝ፤ ከኋላዬ ያለ ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ቡላ የሚባለው ውሻችን እጄን ሲያሸት እያጉረመረመ ወደ ኋላው ይል ጀመር። ሽማግሌዎች ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ነበር ሰላም የሚሉኝ። አባቴ እንኳን እኔ ስገባ ሳያስበው ከዱካው ብድግ ይልና፣ ልጁ መሆኔ ትዝ ሲለው አፍሮ ይቀመጣል፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ማን ሳቀ! አንድ ቀን እናቴ ፈልጋ ፈልጋ ከማሳው ጀርባ አንድ የድንጋይ ክምር ስጠርግ አገኘችኝ። ማን ላከሽ ብትለኝ መጥረጌን ቀጠልኩ። የብሪቱ ቤት ፍራሽ መሆኑን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ነገ ትጠራታለች የተባለው ነገ አልመጣም። አባባ ደቻሳ ሞቱ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ ሰው ሁሉ ካየኝ በኋላ ነበር "አቤት" የምለው። አስካለ ቦሌ ሚካኤል ብረታ ብረት የሚሠራ ሰው አግብታ ወለደች፣ ከበደች። ክፉ ትዳር አልነበረም። ተጣልተን ቀረን እንዳይመስላችሁ፤ በዓል አብረን ውለናል፣ ሳሚን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ነች፣ ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበት ቀን ብዙ ነው። ስሜን ግን አልጠራችም። "አንቺ"፣ "ስሚ እስቲ"፣ ኋላ ደግሞ "የሳሚ እናት"። ቂም ነው አልልም፤ ፈርታ ይሆናል እላለሁ። ጠርታኝ ባልመለስስ? እኔም ጥሪኝ ብዬ አልለመንኳትም፣ ከሷ በቀር ሊጠራኝ የሚችል እንደሌለ እያወቅኩ። ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ ስትወድቅ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ተራ በተራ በስማቸው ጠርታ መረቀች። ጆሮዬን አፏ ድረስ አስጠጋሁ። ብዙ አየችኝና "አንቺም መጣሽ" አለች። በማግስቱ አረፈች። እውነቱን ልናገር፣ ቀብሯ ላይ ሌላው ለሷ ሲያለቅስ እኔ ለስሜ ነው ያለቀስኩት።

የቅዳሜው ሽንብራ እንዲያ የያዘኝ ለዚህ ነው። የአስካለ የልጅ ልጅ ሜላት ልታገባ ነው፤ እጮኛዋ ወደ ቦሌ አራብሳ ከሄዱት ከድሮ መንደርተኞቻችን ወገን ነው። የዘመኑ ልጆች የመንደሩን ታሪክና ዘር እንሰብስብ ብለው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተዋል፣ አሮጊት ያዩ እንደሆን ስልክ ደግነው ነው የሚቀርቡት። ሜላት መጥታ "እቴቴ፣ በናትሽ፣ እንደ ድሮው በልጆች አድርጊልን፣ ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ እንለቀዋለን" አለችኝ። አንቱታ የለ ምን የለ። ከኔ በቀር አባባ ደቻሳን የሰማ ስላልቀረ እንቢ ማለት አቃተኝ። የቤተሰቡ ልጅ ሁሉ እቴቴ ነው የሚለኝ፤ የሺ የሚለው ስሜ መታወቂያዬ ላይ ብቻ ነው የቀረው።

እሁድ ከሰዓት ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ ላይ ቆምን። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ አፈሩ ያው ጥቁር ነው፣ ያው ተሰንጥቋል። የዘመድ ልጅ አልበቃ ብሎን ከጎረቤት ተዋስን፣ ዳቦውም ይቅር ይበለንና ከዳቦ ቤት የመጣ ነው። ከሜላት ጀመርኩ። አባቷ ራሱ ቆመ። ቀጥሎ የአባቷ እናት፣ አስካለ። አጠገቤ የነበረችው የሜላት ታናሽ እህት ሶሊያና ናት፣ አንዲት ደቂቃ የማትረጋ፣ ፊት ጥርሷ የወለቀ ቀበጥ። እጄን አናቷ ላይ ጫንኩ። "አንቺ አስካለ ነሽ" አልኳት። ልጅቷ ረግታ ቆመች። እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።

ሁለቱ ሰልፎች ሳይገናኙ ሰባት ቤት ሞሉ። እልልታው ቀለጠ፤ ከየበረንዳው የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ሜላት እየሳቀች ዳቦውን ይዛ ልጆቹን ጠራቻቸው፤ አንዱ ሲጎርስ ይሮጣል፣ ሌላው ሲጎርስ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ሶሊያና ቀረች። ሜላት ቁራሹን ዘርግታላት ገና ስሟን ሳትጠራ፣ ልጅቷ ዳቦውን ተቀብላት ወደ እኔ መጣች። ለሁለት ቆረሰችው። ግማሹን መዳፌ ላይ አድርጋ፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጋ፣ ቆጣ እንደማለት ብላ፣

"የሺ... ተመለሺ" አለችኝ።

ስሜን ከአባቷ ሰምታው ይሆናል። ይሁን። አጠራሩን ግን ከማን ሰማችው? ዳቦውን ጎረስኩ። ጎርሼም ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ከላይ ሆና ታየኛለች፣ የራሷን ግማሽ እጇ ላይ እንደያዘች፣ ሳትጎርስ። አስካለ ሙሽራ ሆና ሳትጨርሰው የቀረችውን መጨረሷ ነው። እኔ ተመልሻለሁ፤ እሷ ደግሞ የሶሊያና ስም ተጠርቶ ልጅቷ በጎረሰች ደቂቃ ትሄዳለች።

ሜላት ስልኳን ለሰው ሰጥታ እየሳቀች መጣች። "ሶሊ..." ልትል አፏን ስትከፍት ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ቆዪ ልጄ" አልኳት። "ትንሽ ቆዪ። አሁን አትጥሪያት።"