በር ላይ ያስቀመጥኳት እናቴ

ሐኪሙ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ቢለንም፣ ከእናቴ ጡት በቀዶ ጥገና የወጣውን እብጠት «ስብ ነው» ብለን ዋሽተናት ነበር። ውጤቱን ልቀበል ቸርችል ጎዳና ወዳለው ላቦራቶሪ ስወርድ ግን «ካልሄድኩ» ብላ ድርቅ አለች። በር ላይ አስቀምጫት ገባሁ።

ባለሙያዋ ውጤቱን ሰጠችኝና፣ «ከምርመራው የተረፈውን እብጠት ለካንሰር ጥናት ብናስቀምጠው እናትህ ይፈቅዱ ይሆን? ልጠይቃቸው» ብላ ብድግ አለች።

ደንግጬ መንገዷን ዘጋሁ። «አትፈልግም፤ ጣሉት በቃ!»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ተቀመጠች።

ከወር በኋላ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስንመርጥ እናቴ፣ «ካንሰሩን ለጥናት አስቀሩት?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ሐኪሙ ነግሮኛል። አንተ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ‹ላቦራቶሪ ለጥናት ፈቃድዎን ይጠይቁዎታል› ቢለኝ፣ ለሌላ ሴት ከጠቀመ እሺ ልላቸው ነው ያን ቀን የተከተልኩህ። እስኪጠሩኝ ስጠብቅ፣ አንተ ‹ጨርሰናል፣ እንሂድ› ብለህ ወጣህ።»