«ውሃ አለ»

ይህን ነገር ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ ይኸኛው ላይ ስደርስ «የረሳሁትንም ጨምረው ይፍቱኝ» እላለሁ። አልረሳሁትም። ስምንት ዓመት ሆነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጬ ሳልጨርስ ስለወጣሁ ባልደረቦቼ «የኔታ» እያሉ ያሾፉብኛል። በዚያ የካቲት አራት የውጭ አገር እንግዶች ይዘን ከጮቄ ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን፤ ቀን በእግር፣ ማታ በድንኳን። በቅሎ ነጂያችን አንሙት፣ ምግብ አብሳያችን ስንሻው ነበር። ስንሻው ፊደል የቆጠረው ልጅ ከወለደ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። መጻፍ ከቻለ ወዲህ ስልኩ ከእጁ አይለይም፤ አጠገቡ ተቀምጬ እንኳ «ወጡ ደርሷል» ብሎ መልእክት ይልክልኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንሙትን ሆዱን አመመው። ያስመልሰዋል፤ ውሃም አልቀምስ አለ። ግራር ጥላ ሥር አስተኝተነው፣ ስንሻው እንዲጠብቀው ነግሬ ከእንግዶቹ ጋር ሄድኩ። የተውኩላቸው አንድ ሃይላንድ ውሃ ብቻ ነው። ሁለቱን ጄሪካን በበቅሎ ጭኜ እኔ ወሰድኳቸው። ከሰፈርንበት በታች ምንጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ ደርቆ እንደሆነ ግን አላየሁም። «ምንጩን እይና ላክልኝ» አልኩት ስንሻውን። «አንሙትም ከባሰበት ላክልኝ።»

ምን አስቸኮለኝ? ዋሻ። በገደሉ ወገብ ላይ አፉ በድንጋይ የተካበ ዋሻ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንጋጥጬ አየዋለሁ። ማን ካበው? ባሕታዊ? ሽፍታ? ብራና ተደብቆበት ይሆን? እኔ ቀዳዳ ካየሁ አንገቴን ሳላስገባ የማላልፍ ሰው ነኝ፤ እናቴ «አንተን የሚገድልህ ልየው ልየው ማለት ነው» ትለኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ እንግዶቹ ደከሙ። አንዷ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ «ሰውየው ታሟል፤ ብንመለስስ?» አሉኝ። እዚያው እንደቆምን ስልኬ ጮኸ። በዚያ በረሃ ጥሪ አያልፍም፤ መልእክት ግን አልፎ አልፎ ሾልኮ ይገባል። ከስንሻው ነው። «ውሃ አለ» ይላል።

እርስዎ እንዴት አነበቡት? ጠብቆ ከተነበበ ምንጩ አልደረቀም ማለት ነው። ላልቶ ከተነበበ ግን አንሙት «ውሃ» ብሏል፤ ጠዋት አልቀምስም ያለው ሰው ጠምቶታል፣ የተውኩት ውሃም አልቋል። ፊደሉ ያው ነው። እኔ በከንፈሬ አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ አነበብኩት። አንድ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ቅኔ ቤት በአለንጋ የተማርኩ እኔ፣ አላየሁም ብል ማን ያምነኛል? መልሼ «የቱ?» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። መልሱን ስለፈራሁ አልጻፍኩም።

«ምን ይላል?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ውሃ አግኝተዋል» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ዋሻው መራኋቸው።

ዋሻው ውስጥ የፍየል በጠጥና የገንቦ ስባሪ ነበር፤ ሌላ ምንም። እያፈርኩ ልናገረው እንጂ፣ ዛሬም «ከኋላው ግድግዳ ወዲያ ሌላ ክፍል ይኖር ይሆን?» እላለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለስን። ምንጩ ደርቋል። ስንሻው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲያጣኝ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ወርዷል። አንሙት ደግሞ ጥሙ ሲብስበት ብቻውን ተነስቶ፣ ራሱን አዙሮት ከቋጥኝ ላይ ወድቋል። ዳሌው ተሰብሮ አገኘሁት። በቃሬዛ ተሸክመን አውጥተን ደብረ ማርቆስ አደረስነው። ነፍሱ ተረፈች፤ እስከ ዛሬ ግን በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ በቅሎ መንዳትም ቀረበት።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ የአንሙት ወንድም «ምነው ቶሎ አልደረስክለት?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁትና «ውሃ አለ ብሎ ነው የላከልኝ» አልኩ፣ አጥብቄ። ሁሉም ወደ ስንሻው ዞሩ። ስንሻው ፊደሉን ትክ ብሎ አየው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «አንሙት ውሃ ጠማው ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አጻጻፉን መች አወቅሁት።»

እኔ ዝም አልኩ። ዋሻውን በጉጉት ላመካኝ፤ ይህን ዝምታ በምን አመካኘዋለሁ? እኔ አውቅ ነበር። እኔ አንብቤዋለሁ። እኔ ነኝ የመረጥኩት።

አንሙት ሮብ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር እጄን ይዞ ይመርቀኛል። «የኔታ፣ ዕድሜ ይስጥህ። አንተ ባትደርስ ጅብ ነበር የሚያገኘኝ። ያ ማይም ጨርሶኝ ነበር።» እኔም «አሜን» እላለሁ። ለየትኛው ነው አሜን የምለው?

ባለፈው ሰሞን ስንሻው የልጁን የትምህርት ቤት ፎርም ይዞ ቤቴ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም። የራሱን ስም እንኳ እኔ እንድጽፍለት ለመነኝ። «እኔ ስጽፍ ሰው ይጎዳል» አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ጻፍኩለት፤ አመስግኖኝ ሄደ።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። እርስዎን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውንም አውቀዋለሁ።