የመነጽሩ ተራ

መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጋሽ ደምሴ ከአቦከር ሰፈር ተነስተው የድሮው ግንብ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው ቤታችን በኪሳቸው ኦቾሎኒ ይዘው ይመጡ ነበር። የአባቴ የጦር ሜዳ ጓደኛ ናቸው፤ ቀኝ ዓይናቸው የለም። ኦቾሎኒው በከሰሉ ፍም ዳር እየተቆላ፣ የኩራዙ ጭስ ግድግዳውን እያጠቆረ፣ እኔና እህቴ ያንኑ አንድ ተረት እንለምናቸው ነበር።

ሁለት ወንድማማቾች በጭነት መኪና ወደ ግንባር ይሄዳሉ። ዓይንን ከአቧራና ከፍንጣሪ የሚከላከል መነጽር ያላቸው ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በየኮረብታው ይቀያየራሉ፤ መጀመሪያ ታላቅየው፣ ቀጥሎ ታናሽየው። አምስተኛው ኮረብታ ላይ የከባድ መሣሪያ ጥይት ድንጋይ ላይ ያርፍና ፍንጣሪው ይዘንባል። መነጽሩ ይሰነጠቃል፣ የታናሽየው ዓይን ይተርፋል። እሱም የወንድሙን ዓይን ሳያሽ፣ የተሰካውን ሳይነቅል፣ የሻይ ጣሳ ደፍቶበት በሻሽ ያስርና ሐኪም ዘንድ ያደርሰዋል።

«ታላቅየውስ?» ስንላቸው፣

«ታላቅየውማ ይኸው ኦቾሎኒ ይቆላል» ብለው ይስቃሉ። አባቴ ግን አይስቅም፤ ፍሙን ይቆሰቁሳል።

ያኔ ነገር ሁሉ ልክ ካልመጣልኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። አንድ ምሽት ኮረብታዎቹን በጣቴ ቆጠርኩና፣ «ጋሼ፣ አምስተኛው ላይ ተራው የእርስዎ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አንተ ነገረኛ፣ ኮረብታውን ያየሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«ልጁ ልክ ነው» አለ አባቴ፣ ከፍሙ ቀና ሳይል። «ተራው ያንተ ነበር፣ ደምሴ።»

«ዓይንህ በአቧራ ቀልቶ ነበር። አታውልቀው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አልክ። እኔም አላወለቅሁም።»

አባቴ ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ኦቾሎኒው አረረ፤ ከፍሙ የሚያነሳው አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ከዚያም በኋላ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ያንን ተረት ግን ደግመው አላወሩልንም። ለእኛ የሚነገር ይመስለኝ የነበረው ተረት ለአባቴ የተፈጠረ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በየምሽቱ እየሳቁ የአምስተኛውን ኮረብታ ተራ ይሰጡት ነበር፤ እኔ ቀማሁት።

ዛሬ ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ብረታ ብረት ቤት እሠራለሁ። ብረት በማሽን ስሞርድ ብልጭታው መነጽሬን ሲመታው፣ ያኔ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና እቆጥራለሁ፤ አንደኛው የታላቅየው፣ ሁለተኛው የታናሽየው። አምስተኛው እስካሁን የጋሽ ደምሴ ነው።