ሰው ያልለበሰው ድሪቶ

ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ድሪቶ ትሰፋለች። ያለቀ ቀሚስ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የልጅ መታቀፊያ፣ ቁርጥራጩ ሁሉ በእጇ ተገጣጥሞ የሌሊት ልብስ ይሆናል። የጉና ብርድ እንደሆን ቀልድ አያውቅም።

ልጇ ይሻው የሞተ ጊዜ፣ እንደ ደንቡ፣ ልብሱ በአርባው ለነዳያን ተሰጠ። ሁሉም ግን አልተሰጠም። ሰማያዊ ሸሚዙን ሸሽጋ ከጨርቅ ከረጢቷ ግርጌ ቀበረችው። ከዚያ ወዲህ ይሻው በሕልሟ ይመጣል። እርቃኑን ደጅ ቆሞ፣ እጁን በብብቱ ሸጉጦ፣ «እማ፣ በረደኝ» ይላታል። ሌላ ቃል የለውም።

የንስሐ አባቷ ሕልሟን ሰምተው «ያስቀረሽው ነገር ካለ አውጭና ስጭ» አሏት። እሷ ደግሞ ሸሚዙን ከሰጠች ልጇ ከሕልሟ እንዳይቀርባት ፈራች። እየተንዘፈዘፈም ቢሆን ይምጣላት። እናት ናት፣ ምን ይፈረድባታል?

በዚህ መሀል ሕይወት የምትባል ሴት ከባሕር ዳር መጣች፤ ለእንግዳ ማረፊያዋ ድሪቶ ልታሰፋ።

«ዘመናዊ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለች።

«ዘመናዊው ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

«ከጣቃ የተቆረጠ አዲስ ጨርቅ ብቻ። ነጩ ይብዛ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ይበል። ሰው የለበሰው እንዳይገባበት።»

ፈንታነሽ በሆዷ ሳቀች። ማንንም የማያውቅ ድሪቶ! በእናቷ ድሪቶ ላይ እያንዳንዷ እራፊ ባለቤት ነበራት፤ ይቺ የአጎትሽ፣ ይቺ የማሬ የጥምቀት ቀሚስ እየተባለች።

ሆኖም ሰፋችው። ስትጨርስ አንድ ተንኮል መጣላት። ከሸሚዙ እጅጌ አንዲት እራፊ ቆርጣ ከነጩ መሀል አስገባች። እንግዳ ከለበሰው የይሻው ልብስ ተሰጠ ማለት አይደል? ቀሪው የሷ። እግዜርን ልታታልል መሆኑ ነው እንግዲህ።

ሕይወት መጥታ ድሪቶውን ስትዘረጋ እጇ በቀጥታ ሰማያዊዋ ላይ አረፈ።

«ይቺ ተለብሳለች» አለች። «ሳስታለች፣ ክርን የነበረች ትመስላለች። ይፍቱልኝ፣ እትዬ።»

ፈንታነሽ በመርፌ ጫፍ ተረተረቻት። ያን ክርን ያሳሳው ይሻው ነው፤ ደብተሩ ላይ ተደግፎ ሲያጠና። እንግዳ ሰው በአንድ እይታ የያዘባትን ተንኮል እሷ ከእግዜርም ከልጇም ልትደብቅ ኖሯል።

በማግስቱ ሸሚዙን ሙሉውን በታትና ከሌላ አሮጌ ጨርቅ ጋር ሰፋችው፤ እንደ ጥንቱ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡት ሽማግሌ፣ ለአያ ሙላቴ፣ ወስዳ ስለ ልጇ ነፍስ አለበሰቻቸው።

«ስመ ክርስትናውን ማን ልበል?» አሏት።

«ወልደ ገብርኤል።»

«ወልደ ገብርኤልን ያልብስልሽ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይሻው በረደኝ ብሎ አልመጣም። በሯን ሳትቀረቅር እየተኛች ብትጠብቀውም አልመጣም።

«ሞቆት ነው የቀረው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ትልና ታለቅሳለች።