ቾኩን የፈታን ዕለት

አግብቼ ሸዋ ሮቢት ከገባሁ በኋላ ከአማቴ፣ ከባለቤቴ አባት ጋር ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ኖርን፤ በቅጡ ተነጋግረን ግን አናውቅም ነበር። እኔ አፍራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ያፍሩኛል። የሚፈልጉትን ለባለቤቴ ይነግሩታል፣ እሱ ለእኔ ይነግረኛል።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርትና ማሾ ያመላለሱባት አሮጌ ፒክአፕ አለቻቸው። ሥራ ካቆሙም በኋላ በየማለዳው ያስነሷትና ጥቂት አዳምጠዋት ያጠፏታል። ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ እጃቸው ሲዝል እንኳ ይህን አልተዉም፤ ቁልፉን በግራቸው ያዞሩ ነበር።

አንድ ጠዋት መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፋችና ጠፋች። ደጋግመው ሞከሩ፤ እምቢ አለች። ባለቤቴ ጭነት ሊያመጣ ጅቡቲ ሄዷል። በመስኮት ሳይ ኮፈኑን ከፍተው በአንድ እጅ ከብሎን ጋር ይታገላሉ። ካቻቪቴው ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ማንሳት አቃታቸው። ወጥቼ አነሳሁላቸው።

«አባባ፣ እኔ ልፍታው?»

ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

እሳቸው እያመለከቱኝ አየር ማጣሪያውን ሳነሳ ከሥሩ፣ ቤንዚኑ ከአየር ጋር በሚቀላቀልበት በካርቡሬተሩ አፍ ላይ፣ የስኒ አፍ የምታክል ክብ ክዳን አየሁ። ጥርቅም ብላ ተዘግታለች።

«ቾክ ይሏታል» አሉኝ። «ለብርድ ናት። ደብረ ሲና ያደርኩ እንደሆነ ጠዋት እሷን ሳልስብ ሞተሩ አይነሳም። ሲሞቅ ትከፈታለች። አሁን ሽቦዋ ዝጎ ተዘግታ ቀረች፤ ሞተሩ አየር አጥቶ በቤንዚን ታፈነ።»

ሽቦዋን ስቤ አወጣኋት። በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አሽቼ ዘይት ቀባኋት። በቤንዚን የራሱትን እሳት መጫሪያ ካንዴላዎችም እየፈታሁ አደረቅኩ። እሳቸው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ቀስ»፣ «እንደሱ»፣ «አትቸኩዪ ልጄ» ይሉኛል። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ሽቦዋን መልሼ ሳስገባ፣ «ሙሽራ ሆነሽ ከአገርሽ ከማጀቴ ያመጣሁሽ በዚችው ነው» አሉ።

«አስታውሳለሁ አባባ።»

«መንገዱን ሙሉ ስታለቅሺ እሰማ ነበር። ዞሬ እንዳላጽናናሽ አፈርኩ። እስክትረጋጊ ብዬ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሚዜዎቹ ይፍጠኑ ሲሉኝ፣ ሞተሩ ግሏል ብዬ ዋሸኋቸው።»

እጄ ሥራውን አቆመ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እኔ ደግሞ መኪናዋ አርጅታ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ብሎኑን አጥብቄ ክዳኗ መከፈቷን አሳየኋቸው። «ቢስሚላህ በይና አስነሻት» አሉ። የመኪና ቁልፍ አዙሬ አላውቅም ነበር፤ ገብቼ አዞርኩት። አንዴ አጉረመረመች፣ ደግማ አጉረመረመች፣ ከዚያ ተነሳች። ጥቁሩ ጭስ ቀስ በቀስ እየሳሳ ጠፋ። አማቴ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት።

የዚያን ዕለት ምሳ አብረን በላን። በግራ እጃቸው መቁረስ ሲያስቸግራቸው አይቼ ጠቅልዬ ዘረጋሁላቸው። መሬት መሬት እያዩ ጥቂት ቆዩና ጎረሱልኝ።