የእማማ ራዚያ ሁለት ልጆችና አራቱ ፊደላት

እማማ ራዚያ ከባለቤታቸው ጋር ለምርመራ ደም ሊሰጡ ቱዝላ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪያችን የመጡት ጦርነቱ ባበቃ በሰባተኛው ዓመት ነበር። በአንድ ዓመት የሚበላለጡት ልጆቻቸው፣ ሳፌትና ኔርሚን፣ የሚኖሩበት ከተማ በጠላት ጦር ሲያዝ ሸሽተው ጫካ ገብተው አልተመለሱም። ባለቤታቸው መልሱን ሳይሰሙ ሞቱ።

የእኔ ሥራ አጥንት ፈጭቶ የዘር ፊደል፣ ዲኤንኤ የሚሉትን፣ ማንበብ ነው። አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒን፣ ሳይቶሲን፤ ሰው ሁሉ በእነዚህ በአራቱ የተጻፈ ነው። አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር ይጣመራል፤ ከሌላ ጋር ቢለምኑትም እሺ አይልም። ሃያ ዓመት ሙሉ አምኜባቸው ኖሬአለሁ።

አንድ ቀን ከጅምላ መቃብር የወጣ የጭን አጥንት ከባልና ሚስቱ ደም ጋር ገጠመ። የራዚያ ልጅ ነው። የትኛው? ፊደላቱ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት መውሰዱን ይናገራሉ እንጂ ስሙን ከየት ያመጡታል? ከሁለቱ አንዱ ወልዶ ቢሆን የልጁ ደም ይለየው ነበር፤ ሁለቱም ሳያገቡ ቀሩ። ልብሱን አየን፤ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ። እማማ ራዚያ እንዳይቀናኑ ብለው ለሁለቱም ከአንድ ክር ሠርተውላቸው ነበር። ሹራቡን ሲያዩ የሠሩበትን እጃቸውን ረገሙ።

ያለ ስምና ያለ እናት ፊርማ መቅበር አይቻልም። ማንነታቸው የታወቀው ሁሉ በአንድነት የሚቀበሩበት ቀን በየሐምሌው ሲደርስ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። እሳቸውም የድንች ፒታ፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ድንች፣ ያቀርቡልኝና ብዕሩን አንስተው መልሰው ያስቀምጡታል። የአንዱን ስም ቢጽፉ ሌላውን በር በሩን እያዩ ሊጠብቁት ነው፤ ምናልባትም የሚጠብቁት የቀበሩትን ይሆናል። ስድስት ሐምሌ እንዲህ አለፈ። መሄዱም መቅረቱም ጨነቀኝ። እኔም እንደ አጥንቱ ቁጥር ተለጥፎብኝ መደርደሪያ ላይ የቀረሁ መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት፣ "አልማሳ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንዱን ጥሪልኝ" አሉኝ።

"አልችልም እማማ። ከጠራሁ ውሸት ነው የምነግርዎት።"

"እኔስ እውነቱን ከየት ላምጣው?" አሉ። ከዚያ ብዕሩን አነሱ። "ሳፌት በዪው። ትልቁ እሱ ነው፤ ብሳሳት 'ሳልገኝ ቀበርሽኝ' ብሎ አይቀየመኝም። ኔርሚን ግን አኩራፊ ነው።"

ፈረሙ። ሐምሌ ላይ ሣጥኑ ሲወርድ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወንዶቹ አፈሩን ሲመልሱ እማማ ራዚያ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ።

"ኔርሚን፣ አንተ ከሆንክ አታኩርፍ፤ እናትህ አላወቀችም" አሉት።